ዘፈን ሰው ይሰበስባል፣ ከዚያስ?

ዋናው ጽሑፍ

ዘፈን ሰው ይሰበስባል እንጂ አያደራጅም። የውይይት ክሩን የከፈትኩት በዚህ ነው። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች የምንጽፍበት መድረክ ላይ ወሬው ሁሌ ስለ ውሃ፣ ስለ ባጃጅ ዋጋና ስለ ጠፋ ቁልፍ ነው። እኔ ግን ስለ ውሃው ከተጠራው ስብሰባ ስመለስ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ስለነበር ጻፍኩት። ኮሚቴው ሞንታርቦ ተከራይቶ ነበር። ሰው እስኪሞላ ተብሎ የታወቁ የትግል ዘፈኖች ተለቀቁ። ግቢው ጢም አለ። ወጣቱ እጁን እያወዛወዘ አብሮ ዘፈነ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ዘፈኑ ቆሞ ወረቀት ሲወጣ፣ ማን ተወክሎ ቢሮ ለቢሮ ይሂድ፣ ማን ስንት ያዋጣ ሲባል፣ ግማሹ ሰው የለም።

የኔ ነገር ይሄ ነው። የ60ዎቹ ተራማጆች መዝሙር ነበራቸው። ሆ ቺ ሚንንና ቼ ጉቬራን እየጠሩ ፋኖ ተሰማራ ሲሉ፣ መዝሙሩ የወጣው በየሳምንቱ ከሚገናኝ የጥናት ክበብ ነው። ክበቡ ቀደመ፣ መዝሙሩ ተከተለ። እኛ ግልብጡን ይዘናል። በ1997 ምርጫ ሰሞን የቴዲ አፍሮን «ጃ ያስተሰርያል» የማይከፍት ታክሲ ማግኘት ይከብድ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ግን ካሴቱን የገዛው ሰው ሁሉ በወር አንዴ እንኳ ተገናኝቶ ሊመክርበት የሚችል ቦታ አልነበረም። ታዲያ ዘፈን ለለውጥ ትግል ስሜት ከማሞቅ ያለፈ ምን ሠርቶ ያውቃል? ያየ ይንገረኝ ብዬ ተውኩት።

የመጡትን መልሶች በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ ስለሆኑ ስም አልጠራም።

መልስ 1

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከሰላምታ ጀመሩ፣ በነገሩም ተስማሙ። ከዘፈን በፊት ግጥም እንደነበረ ግን እንዳይረሳ አሉ። በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች ግጥም እያነበቡ ይወዳደሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ ድሃው የተነበቡት ግጥሞች ቤተ መንግሥቱን አስቆጥተዋል። ከዚያ በየካቲት 1957 ተማሪው መሬት ላራሹ እያለ ወደ ፓርላማ ወጣ። ዜማው የመጣው መንገድ ላይ ነው፤ መፈክር ብቻውን ረጅም መንገድ አያስኬድም፣ ጉሮሮ ይደክማል። ለእኔ ጥያቄ መልሳቸው ዘፈን ለእግር ይሆናል የሚል ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን አልበቃኝም።

መልስ 2

ሸክላ የሚሰበስብ ልጅ ነው፣ ሳሎኑ ግማሹ ሸክላ ነው ይባላል። መምህሩን በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት አረማቸው። ዘፋኞቹ ተማሪውን አልጠበቁም ባይ ነው። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ዘፋኝ ነበር። ክቡር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር እሱም ተጠርጥሮ ታሰረ። ይህ መሬት ላራሹ ከመባሉ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ቀጥሎ አምሃ እሸቴን አመጣ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ በ1961 አዋጁን ከምንም ሳይቆጥር የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አምጥቶ ሸጠ። ልጁ ይህን ከሰልፍ እኩል ያየዋል። አንድ ነጋዴ የመንግሥትን ሞኖፖል በድፍረት ሲጥስ ለሌላውም ይከፍታል ብሎ።

እዚህ ጋ ነገሩ ትንሽ የተለጠጠ መሰለኝ። አምሃ ገበያ አይቶ የገባ ሰው ነው፣ ተራማጅ ልናደርገው አይገባም።

መልስ 3

ሐሙስ ውሃ ይመጣል ወይ የሚል ብቻ ነው።

መልስ 4

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፉት እናት ያደጉት ከመሀል ከተማ ነው፣ እዚህ የመጡት ዕጣ ደርሷቸው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ገና ተማሪ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው አንድ ደብተር ነበረው፣ ከፊት ሲከፈት ጂኦሜትሪ፣ ከኋላ ሲከፈት መዝሙር። መዝሙሩ ከክበቡ የተቀዳ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አዝማቹ ከሥሩ ተሰምሮበት። በመጋቢት 1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ወንድምየው ቤት አልነበረም። እናታቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ የትኛው ገጽ ትምህርት፣ የትኛው ሰው የሚያስገድል እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ጎረቤት ጠርተው ማስነበብም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለጭሱ ሰበብ እንዲሆን ሊጥ አቡክተው፣ ምጣድ ጥደው፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ እየቀደዱ ከምጣዱ ሥር አነደዱት። እንጀራም ጋገሩ። እሳቸው እስካሁን መዝሙሮቹን በቃላቸው ያውቃሉ። ስለ ወንድማቸው ምንም አልጻፉም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ስሜት ከማሞቅ ያለፈ ነገር ብዬ ለጠየቅኩት መልሱ ይሄ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ደብተሩ ግን የክበብ ደብተር ነው፣ ያን ልብ ይሏል።

መልስ 5

ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ አለቀ። የጻፉት ሰውየ መልስ 4ን ያነበበ ሰው እንዴት ስለ መዝሙር ያወራል ብለው ተቆጡ። እሳቸው እንደሚሉት ያ ትውልድ ያለቀው ያልገባውን ነገር በዜማ ስለተጋተ ነው። ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ልሳኑን «ዴሞክራሲያ»ን፣ ተቀናቃኙ መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን ያነባል፣ ቀበሌው በኪነት ጓዱ ይጨፍራል፣ ሁሉም ስለ ሰፊው ሕዝብ ይዘምራል፣ ሰፊው ሕዝብ ግን ልጁን ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። አሥራ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ዜማ ስትሰጠው ሽጉጥ እንደ መስጠት ነው ብለው ጨርሰዋል። እኔንም ሳላየው የሚናፍቀኝ ዘመን ያለኝ ሰው ብለው ሸነቆጡኝ።

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ደጅ ሲያገኙኝ በጣም ትሑት ናቸው፣ ስክሪን ፊት ነው እንዲህ የሚሆኑት።

መልስ 6

አቃቂ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። መልስ 5ን አልሰደበችም፣ ግን ተራማጅ ማለት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ብቻ እንዳልነበረ አስታወሰች። በየካቲት 28 ቀን 1966 የሠራተኛ ማኅበራቱ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ አባቷ ከውስጥ ነበሩ። እሳቸው የነገሯት ዘፈን ከሸክላም ከተማሪም የመጣ አይደለም። ከየአገራቸው ይዘውት የመጡት የደቦ ዘፈን ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ስንኙ ብቻ ተቀይሯል። በሬው ቀርቶ አለቃው፣ አዝመራው ቀርቶ ደመወዙ ገባ። ማኅበሩ ግን በዘፈን አልተቋቋመም። ደመወዝ በተከፈለ ቀን በር ላይ ቆሞ ስም እያየ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ነበር፣ አባቷ የሚያደንቁት እሱን ነበር።

እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ፣ አልዋሽም። እኔ ያልኩትን ከእኔ አሳምራ ነው ያለችው። አድማው መንግሥትን ያንቀጠቀጠው በመዋጮ ደብተሩ ነው።

መልስ 7

ኮልፌ ያደገ ሰው ወሬውን ወደ ሰፈሩ ወሰደው። ኮልፌ ያኔ ዳር ነበረች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ በነበረው የፖሊስ ካምፕ ነው፣ አንድ ዓመት ተቀምጧል አለ። ከዚያ ማርያም ማኬባ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ መጥታ መዝፈኗን አነሳ። አንዱ ሊተኩስ፣ አንዷ ልትዘፍን ለአንድ ትግል ወደ አንድ ከተማ መጡ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ሁለቱን አይነጣጥሉም፣ ሲቀብሩም ሲሰለፉም ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ግን ያለ ድርጅት ቆሞ አያውቅም ባይ ነው።

መልስ 8

መምህሩ ተመለሱ። ለሸክላው ልጅ ስለ ጥላሁን መታሰር ትክክል ነህ ልጄ ብለው፣ ዘፋኝ በአለቆቹ ጦስ መታሰሩና አስቦ መታገሉ ግን አንድ እንዳልሆነ ጨመሩ። የኮልፌውንም አረሙ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ ላይ ተቋርጦ ነው ማንዴላ ወደ አገሩ የተጠራው፣ እዚያም ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። ካነሳነው ላይቀር ብለው፣ በዚያ ሥልጠና እጃቸው የነበረው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኋላ የሜጫና ቱለማ የኦሮሞ መረዳጃ ማኅበር መሪ መሆናቸውን ጻፉ። መምህሩ ለሚቀጥለው መልስ እሳት የለኮሱት ሳያውቁት ነው።

መልስ 9

የጻፈው ልጅ ዕጣ ደርሶት የመጣ አይደለም። እዚሁ የተወለደ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይኖር፣ አያቱ ጤፍ ሲያርሱ። ከ1 እስከ 8 ያለው ሁሉ ስለ መሬት ላራሹ ሲያወራ መሬቱ የት እንዳለ ማንም አልጠየቀም አለ፣ የተቀመጥንበት ነው። ለእሱ የዘፈንና የትግል ጥያቄ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ውጭ አይታይም። ሃጫሉ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ ወህኒ ቤት ቆየ። በ2007 ባወጣው «ማላን ጅራ» የፍቅር እንጉርጉሮ ውስጥ ከመሬቱ የተነቀለውን ሰው አስገባ፣ ጉለሌ የማን እንደነበረ አስታወሰ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ጥር 2008 ላይ እስኪሰረዝ ድረስ እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ያለ ወጣት ያንን ዘፈን ከስልክ ስልክ እየተቀባበለ ነው የከረመው። ልጁ እንደሚለው የአጎቱ ልጆች ሌሊት ከብት በረት አጠገብ ተቀምጠው በአንድ ስልክ፣ ድምፁን ቀንሰው ይሰሙት ነበር፣ ሲያልቅ መልሰው ይከፍቱታል፣ በመሀል ነገ ማን መንገድ ላይ እንደሚወጣ ይነጋገራሉ። በታኅሣሥ 2010 ሚሊኒየም አዳራሽ ሃጫሉ ባለሥልጣናቱ ፊት ሲዘፍን በቴሌቪዥን ያየ ሰው፣ ዘፈን ምን ይሠራል ብሎ አይጠይቅም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ የተገደለው ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

በክሩ ውስጥ ከባዱ መልስ ይሄ ነው። ተረጋግቶ ነው የጻፈው፣ አንድም ስድብ የለበትም።

ከመልስ 10 እስከ 12

ስድቡ እዚህ ነው። 10 ብሔር አታምጡብን አለ። 11ን አድሚኑ አጠፋው፣ ቀድሜ ያየሁት ሰው ነኝና ጥሩ አደረገ። 12 ደግሞ ብሔር ያመጣው ማን ነው፣ ሰውየው ስለ አያቱ ማሳ ነው የጻፈው ብሎ ተከላከለ። አንዱ ፋኖ ተሰማራ ያልኩትን ይዞ ወደ ዛሬው ጦርነት ሊወስደን ሲል አድሚኑ ስለ ዛሬው ጦርነት የሚጽፍ ይወጣል ብሎ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ።

መልስ 13

አንዲት የሕግ ተማሪ እስካሁን ስለ ሴቶች የተነሳው የጋገሩት እናት ብቻ መሆናቸውን ታዝባለች። እውነቷን ነው። ተራማጅ የምንላቸው ልጆች በመጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ ሴት ተማሪዎች የፋሽን ትርኢት ሲያሳዩ ገብተው መበጥበጣቸውን አነሳች። ኢምፔሪያሊዝም ሚኒስከርት ለብሶ መጣ ተባለ። ሆ ቺ ሚንን መዝፈን ባህል ነው፣ አጭር ቀሚስ መልበስ ግን ባዕድ ነው፣ ይሄ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። መልስ 1ን የጻፉት መምህር ያኔ የት እንደነበሩም በትሕትና ጠየቀች። መምህሩ ለዚህ አልመለሱም።

መልስ 14

ሞንታርቦውን ያከራየን ሰውዬ ራሱ ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሲጽፍ ደስ ይለኛል። ለሠርግም፣ ለድጋፍ ሰልፍም፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያም የሚያከራየው ያንኑ ሞንታርቦ ነው። የታዘበውን ጻፈ። ሰው ከአዝማቹ በቀር አብሮ አይዘፍንም። ዜማው ከሠርግ የሚታወቅ ከሆነ እናቶች ሳይቀሩ ይገባሉ። የድጋፍ ሰልፍ ላይ አዘጋጆቹ ሁሌ ጨምርልን፣ ጨምርልን ይሉታል፤ ሲጨምረው ሰው ጎኑ ያለውን ሰው አይሰማም፣ ቲሸርቱን ለብሶ ጨፍሮ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን የሰፈር ስብሰባ ላይ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሰዉ አዝማቹን ራሱ ይዞ ቀጠለ፣ ከዚያ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፣ ስብሰባውም እስኪመሽ ቆየ። ስለዚህ ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም ባይ ነው፣ የቮልዩሙ ነው። ከቀሪ ሂሳቡም ገና ያልተከፈለው እንዳለ ለኮሚቴው አስታወሰ።

መልስ 15 እና 16

ሞንታርቦ ሲነሳ ወሬው ሸሸ። 15 ከሥራቸው ስላለው ግሮሰሪ ጩኸት፣ ልጅ እንደማይተኛላቸው ጻፉ። 16 ግሮሰሪው ውስጥ ራሱ የሚቀመጥ ሰው ይመስላል፣ ሌሊት የሚረብሸው የውሻው ጩኸት ነው አለ።

መልስ 17

የኮልፌው ሰው ክሩን ጎትቶ መለሰው፣ አሁንም ከውጭ አገር ምሳሌ ጋር። የቡርኪና ፋሶው ቶማስ ሳንካራ ጊታር ይጫወት ነበር፣ ሥልጣን ከመያዙም በፊት ባንድ ነበረው። በሐምሌ 1979 እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎችን ዕዳ አንክፈል ብሎ የሞገተው እሱ ነው። በሌላ በኩል በሐምሌ 1977 ሎንዶንና ፊላዴልፊያ ላይ ለእኛ ረሃብ የተዘፈነው ትልቁ ኮንሰርት አለ። ገንዘብ መጣ፣ ሕይወትም ተረፈ። ግን በዚያ መድረክ ላይ እኛ ሥዕል ነበርን፣ ዘፋኝ አልነበርንም። ረሃቡን ያባባሰው ጦርነትና ፖሊሲ ደግሞ ለዘፈን አይመችም፣ አልተነሳም። የመጨረሻው ነገር አሳቀኝ። ቦብ ማርሊ በፈረንጆቹ 1976 የዘፈነው የጦርነት ዘፈን ስንኝ የተወሰደው ንጉሡ በ1956 ተባበሩት መንግሥታት ላይ ካደረጉት ንግግር ነው። እኛ ንጉሡን አውርደን ጃማይካ ንግግራቸውን ለነጻነት ትዘፍናለች። መልስ 5ን የጻፉት ሰውዬ ይህን ብቻ ወደዱት።

መልስ 18

እኔ ነኝ። አቋሜን አልቀየርኩም። የአቃቂዋ አባት ማኅበር፣ የእናትየው ደብተር፣ የደቡብ አፍሪካው ድርጅት፣ ሁሉም ቦታ ከዘፈኑ ጀርባ ስም የያዘ ዝርዝር አለ ብዬ ጻፍኩ። ዘፈን ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሰው ያጸናል፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ደግሞ አስደስቶ ያሰናብታል። ሳውንድ ሰውዬው ያለውም ሌላ አይደለም። መብራት ሲሄድ የቀሩት መጀመሪያም የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

መልስ 19

የመልስ 9 ልጅ ነው፣ አሁን ትንሽ ሞቅ ብሎታል። ዝርዝር የሚይዘው ዝርዝር መያዝ የተፈቀደለት ነው አለ። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ አፍራን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን በኦሮምኛ ስለዘፈነ ብቻ ተከለከለ። አሊ ቢራ በዚያ ቡድን ውስጥ ገና ልጅ ነበር። ሜጫና ቱለማም በ1955 ተመሥርቶ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ታገደ። ማኅበሩ ሲታገድ ጽሕፈት ቤቱ ይታሸጋል፣ መዝገቡ ይወሰዳል፣ በመዝገቡ ያለው ሰው አንድ በአንድ ይለቀማል። ዘፈኑን ግን የሚለቅመው የለም። እኔ ደብተር ደብተር የምለው የደብተር ባለቤት መሆን ወንጀል ያልሆነበት ሰው ስለሆንኩ ነው ብሎ፣ መልስ 4ን ድጋሚ እንዳነብ መከረኝ። እናትየው ያቃጠሉት ዝርዝሩን ነው፣ የቀረው ዜማው ነው። በረት ሥር በአንድ ስልክ የተሰበሰቡት ልጆች ጥናት ክበብ ካልሆኑ ምን እንደሆኑ ይነገረን አለ።

ጠንካራ ነው። እኔ የምመልሰው ቢኖር የበረቱ ልጆች የአንድ አጎት ልጆች መሆናቸውን ነው፣ ዘፈኑ አላስተዋወቃቸውም። ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ሌላ መልስ ቀደመኝ።

መልስ 20

የመልስ 5 ሰውዬ ናቸው። ልጁንም እኔንም ሁለታችንም ልጅ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። የአቃቂዋ ልጅ ይህ መልስ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። እሳቸውም ጥያቄ መሆኑን ነገሯት።

መልስ 21

ሳውንድ ሰውዬው የአሊ ቢራን የድሮ ዘፈኖች ጥራት ባለው ቅጂ የያዘ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ፣ እሱ ጋ ያለው በትልቅ ስፒከር ሲከፈት ይንኮሻኮሻል። የሸክላው ልጅ ቅዳሜ ና ብሎ የብሎክ ቁጥሩን ሰጠው። መልስ 9ን የጻፈው ልጅ እኔም እመጣለሁ አለ። ኮሚቴው ስለ ቀሪ ሂሳቡ እስካሁን ምንም አልጻፈም።